መንግሥትን ደንበኛ ማድረግ፦ አነስተኛ ድርጅቶች በጨረታ ገበያ

በኢትዮጵያ ከወረቀትና ከቀለም አንሥቶ እስከ መንገድና ሆስፒታል ድረስ ዕቃና አገልግሎት በብዛት በመሸመት ከመንግሥት የሚስተካከል ደንበኛ የለም። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎች፣ ክፍለ ከተሞችና ወረዳዎች በየዓመቱ ወንበርና ጠረጴዛ ያሠራሉ፣ የደንብ ልብስ ያሰፋሉ፣ የጽዳትና የጥበቃ አገልግሎት ይገዛሉ፣ ኮምፒዩተርና መኪና ያስጠግናሉ፣ ለስብሰባ መስተንግዶ ያዛሉ። ይህ ሁሉ ሥራ በአነስተኛ ድርጅት አቅም ሊሠራ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ በድርጅቶቹ ዘንድ ሁለት አመለካከቶች ሥር ሰደው ይገኛሉ፤ አንደኛው ጨረታ ሁሉ አስቀድሞ ባለቤት የተዘጋጀለት ነው የሚል ተስፋ መቁረጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዝቅተኛ ዋጋ የጻፈ ሁሉ ያሸንፋል የሚል የዋህነት ነው። ሁለቱም ወደ አንድ ውጤት ያደርሳሉ፤ ድርጅቱ ማስታወቂያ እስኪወጣ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥና፣ ማስታወቂያው ሲወጣ ሰነድ ገዝቶ በሁለት ቀን ጥድፊያ ሞልቶ ያስገባል፣ ከዚያም ይወድቃል። በመንግሥት ገበያ ግን ድሉም ሽንፈቱም በአብዛኛው የሚወሰነው ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ባሉት ወራትና ከዕቃው ርክክብ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው።

የመንግሥት ግዥ የሚባለው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ዕቃ፣ የግንባታ ሥራ፣ የምክር ወይም ሌላ አገልግሎት በውል የሚያገኝበት ሂደት ነው። በፌዴራል ደረጃ ይህን ሂደት ሲመራ የቆየው በመጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 430/1997፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 649/2001 ሲሆን፣ በቅርቡ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች የየራሳቸው የግዥ ሕግ ስላላቸው፣ በአዲስ አበባ የሚሠራና በባሕር ዳር የሚሠራ ድርጅት የሚያነቡት መመሪያ አንድ ላይሆን ይችላል። የሕጉ መኖር ለሻጩ ትልቅ ትርጉም አለው። የግል ነጋዴ ወንበር ሲገዛ የወደደውን አቅራቢ መርጦ በዚያው ዕለት ከፍሎ ይወጣል፤ የዩኒቨርሲቲ ግዥ ሠራተኛ ግን ኦዲተር መጥቶ «ይህን ድርጅት በምን መረጥከው?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ መልሱን ከፋይል አውጥቶ ማሳየት አለበት። ስለዚህ ለመንግሥት ገዢ ራስን ማስተዋወቅ ማለት፣ ይህ ሠራተኛ ድርጅቱን በሕግ አግባብ ለመጋበዝ፣ ለመምረጥና ምርጫውን ለማስረዳት የሚያስችለውን ማስረጃ አስቀድሞ በእጁ ማስገባት ማለት ነው።

የግዥ ዘዴዎቹም ለማስተዋወቅ ሥራው አቅጣጫ ይሰጣሉ። ግልጽ ጨረታ መስፈርቱን የሚያሟላ ሁሉ የሚወዳደርበት መደበኛው ዘዴ ነው፤ ውስን ጨረታ የተመረጡ አቅራቢዎች ብቻ የሚጋበዙበት ነው፤ ከአንድ አቅራቢ መግዛት በጠባብ ሁኔታዎች ብቻ ይፈቀዳል፤ በዋጋ ማቅረቢያ የሚፈጸም ግዥ፣ በተለምዶ ፕሮፎርማ የሚባለው፣ ለአነስተኛና አስቀድሞ ላልታሰበ ፍላጎት በተቻለ መጠን ቢያንስ ከሦስት አቅራቢዎች ዋጋ ተሰብስቦ የሚፈጸም ነው። ጀማሪ ድርጅት ብዙውን ጊዜ በጋዜጣ በወጣ ትልቅ ጨረታ ላይ ዓይኑን ይጥላል፤ ይሁንና የመጀመሪያው በር ፕሮፎርማው ነው ማለት ይቻላል። የገንዘቡ መጠን ትንሽ፣ ሰነዱ ቀላል፣ የማስረከቢያው ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ ድርጅቱ ሳይጎዳ የመንግሥትን አሠራር ይማርበታል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለትልቁ ጨረታ የሚጠየቀውን የሥራ ልምድ ማስረጃ ያገኝበታል። ለፕሮፎርማ የሚጋበዙት ግን በአቅራቢዎች ዝርዝር ውስጥ የተመዘገቡና የግዥ ክፍሉ የሚያውቃቸው ናቸው፤ የማይታወቅ ድርጅት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሠራ የዋጋ መጠየቂያው አይደርሰውም።

ከማስታወቂያው በፊት

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። መሥሪያ ቤቶች በጀታቸው ሲጸድቅ በዓመቱ ውስጥ ምን፣ በምን ያህል መጠን፣ በየትኛው ዘዴና በየትኛው ወር እንደሚገዙ የሚያሳይ ዓመታዊ የግዥ ዕቅድ ማዘጋጀት ይጠበቅባቸዋል። ይህን የጊዜ ሰሌዳ የሚያውቅ ድርጅት በነሐሴና በመስከረም የግዥ ክፍሎችን ይጎበኛል፣ በሦስተኛው ሩብ ዓመት ለሚወጡት ጨረታዎች ጥሬ ዕቃ ያፈላልጋል፣ በግንቦትና በሰኔ ያልተጠቀሙበት በጀት ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ለሚያወጡት የችኮላ ግዥ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። ዕቅዱን በቀጥታ ማየት ያልተቻለ እንደሆነ ደግሞ ያለፈው ዓመት ጋዜጣ ብዙ ይናገራል። አዲስ ዘመን፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አንጋፋ ጋዜጣ፣ የመንግሥት ጨረታ ማስታወቂያዎችን በገጾች ያወጣል፤ የአንድ ዓመት ማስታወቂያዎችን ሰብስቦ የትኛው ሆስፒታል የአልጋ ልብስ በየትኛው ወር እንደገዛ፣ የትኛው ኮሌጅ በየዓመቱ ወንበር እንደሚያስጠግን በደብተር የመዘገበ ድርጅት፣ ከብዙ ተፎካካሪዎቹ የተሻለ የገበያ ጥናት በእጁ አለው።

ወደ ግዥ ክፍሉ ይዞ የሚሄደው ሰነድ በተለምዶ ካምፓኒ ፕሮፋይል ይባላል። በገበያው ውስጥ የሚዞሩት ፕሮፋይሎች በአብዛኛው ወፍራምና ባለ ቀለም ሆነው፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾቻቸው በሥራ አስኪያጁ ፎቶግራፍና በራእይ፣ በተልዕኮ፣ በዕሴት መግለጫ የተያዙ ናቸው። የግዥ ሠራተኛ የሚፈልገው ግን ሌላ ነው፤ ድርጅቱ በትክክል ምን እንደሚያመርት፣ በወር ስንት ማቅረብ እንደሚችል፣ ምን ዓይነት መሣሪያና ስንት ባለሙያ እንዳለው፣ ከዚህ በፊት ለማን ሠርቶ ማን እንደመሰከረለት፣ ንግድ ፈቃዱ በየትኛው ዘርፍ እንደወጣና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ማወቅ ይሻል። «ጥራት ያለው የልብስ ስፌት እንሰጣለን» ከሚል ዓረፍተ ነገር ይልቅ «8 የስፌት መኪናና 2 ኦቨርሎክ አለን፤ በወር 600 ሱሪ እናስረክባለን» የሚለው ለገዢው ይጠቅመዋል፤ የሚያስበው ዕቃው ውሉ በሚለው ቀን መድረስ አለመድረሱን ነውና። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ከሁለቱ ገጾች ጋር ግን የሥራውን ናሙና ማሳየት ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ወሰን በግልጽ መቀመጥ አለበት። ጨረታ ከመውጣቱ በፊት በሥራ ሰዓት ቢሮ ገብቶ ምርትን ማስተዋወቅ፣ በገበያው ላይ ያለውን የጨርቅ ወይም የብረት ዓይነት ማስረዳት፣ በአቅራቢነት መመዝገብ ሕጋዊና ተገቢ ነው፤ ለገዢውም ቢሆን ገበያው የማያቀርበውን ዝርዝር መግለጫ ከመጻፍ ያድነዋል። ጨረታው ከወጣ በኋላ ግን ግንኙነቱ በጽሑፍ ብቻ መሆን አለበት። ስጦታ፣ ኮሚሽን፣ የተፎካካሪን ዋጋ ከውስጥ ማግኘት፣ ከሌሎች ተጫራቾች ጋር በዋጋ መመሳጠር ከውድድር የሚያስወጣ፣ በመንግሥት ግዥ እንዳይሳተፉ የሚያሳግድና እንደ ነገሩ ሁኔታ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 መሠረት እስከ እስር የሚያደርስ ጥፋት ነው። «ያለ ሰው አይሆንም» የሚለው አባባል ብዙ ወጣት ድርጅቶችን ወደዚህ ጥፋት ገፍቷል፤ ከዚያ የባሰው ጉዳቱ ደግሞ በሥራቸው ሊያሸንፉ የሚችሉትን ከነጭራሹ ከገበያው ማራቁ ነው።

የገበያ ትስስር ጥቅምና ችግር

በ2003 ዓ.ም. በወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ መሠረት፣ በኢንዱስትሪ ዘርፍ ከ6 እስከ 30 ሠራተኞች ያሉት ወይም ጠቅላላ ካፒታሉ ከ100 ሺህ ብር በላይ ሆኖ ከ1.5 ሚሊዮን ብር ያልበለጠ ተቋም አነስተኛ ተብሎ ተመድቧል። ለእነዚህ ተቋማት መንግሥት ራሱ ገበያ የሚፈጥርበት አሠራር የገበያ ትስስር የሚል ስም ተሰጥቶታል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ለብሎኬት አምራቾች፣ ለበርና መስኮት ሠሪዎች፣ ለኤሌክትሪክና ለቧንቧ ሥራ ማኅበራት ሰፊ ሥራ ከፍቷል። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ የተስፋፋው የኮብልስቶን ንጣፍም ድንጋይ ጠራቢዎችንና አንጣፊዎችን በማኅበር አደራጅቶ በብዙ ከተሞች የውስጥ ለውስጥ መንገድ አሠርቷል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለተማሪዎች ምግብና ዩኒፎርም ማቅረብ ሲጀምር፣ በማኅበር የተደራጁ እናቶች በትምህርት ቤቶች ምግብ የማብሰሉን ሥራ ይዘዋል።

ይህ አሠራር የብዙ ቤተሰቦችን ኑሮ የለወጠ መሆኑ አያጠያይቅም። ዳሩ ግን ትስስሩ ከላይ ሲመጣ የለመደ ማኅበር ገበያ መፈለግን አይማርም፤ ከአንድ ገዢ ጋር ብቻ የተሳሰረ አምራች ያ ፕሮጀክት ሲቀዘቅዝ መሣሪያውን ሸጦ ይበተናል። ትስስርን የመጀመሪያ ልምድ ማግኛ አድርጎ፣ በዚያ ያገኘውን የምስክር ወረቀት ይዞ ወደ ግልጽ ጨረታ የገባ ማኅበር ግን ጸንቶ የመቆም ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሕጉ በጨረታም ውስጥ ለአነስተኛ ተቋማት ድጋፍ አድርጓል። በአዋጅ 649 ሥር በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ግዥ መመሪያ፣ በሕግ የተደራጁ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የጨረታ ሰነድ በነጻ እንዲያገኙ፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ዋስትና ፈንታ ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ እንዲያቀርቡና በዋጋ ውድድር የ3 በመቶ ልዩ አስተያየት እንዲደረግላቸው ፈቅዶ ነበር። የዚህን ትርጉም በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የልብስ ስፌት ማኅበር 1,200 የደንብ ልብሶችን እያንዳንዱን በ850 ብር ለማቅረብ ቢወዳደር ጠቅላላ ዋጋው 1,020,000 ብር ይሆናል፤ ልዩ አስተያየት የማይመለከተው ተፎካካሪው 1,000,000 ብር ቢጽፍ በመጀመሪያ እይታ ማኅበሩ የተሸነፈ ይመስላል። ለውድድር ሲባል 3 በመቶ ሲቀነስለት ግን የማኅበሩ ዋጋ 989,400 ብር ሆኖ ይቆጠራል፤ ሲያሸንፍ የሚከፈለው ደግሞ የጻፈው 1,020,000 ብር ነው። የዋስትናው ደብዳቤ ጥቅም ከዚህም ይበልጣል፤ የውል ማስከበሪያው 10 በመቶ ነው ቢባል፣ ማኅበሩ ጨርቅ ሊገዛበት የሚችለው 102,000 ብር ውሉ እስኪያበቃ ድረስ በሲፒኦ (በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ታስሮ እንዳይቀመጥ ያደርገዋል። ደብዳቤውን ካደራጀው አካል አስቀድሞ ያልጠየቀ ግን በሰነድ ማስገቢያው ዕለት አያገኘውም፤ የመቶኛ መጠኖቹና ሁኔታዎቹም በየጊዜው በሚወጡ መመሪያዎች ስለሚለወጡ፣ ተጫራቹ በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ አንብቦ መግባት ይኖርበታል።

ፖስታውና ዋጋው

ብዙ ተጫራቾች የሚወድቁት በሥራቸው ጥራት ሳይሆን በወረቀት ጉድለት መሆኑ በዚህ ገበያ ውስጥ እጅግ የሚያስቆጭ ነገር ነው። ለዘመኑ ያልታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ጊዜው ያለፈበት የግብር ክሊራንስ፣ ከተጠየቀው ቀን አጥሮ የሚያበቃ የባንክ ዋስትና፣ ያልተፈረመበትና ማኅተም ያላረፈበት ገጽ፣ ከቴክኒክ ሰነዱ ጋር በስሕተት የታሸገ የዋጋ ሰነድ፣ ኦሪጅናልና ኮፒ ተብሎ ያልተለየ ፖስታ፣ እነዚህ እያንዳንዳቸው የወራት ዝግጅትን በአንድ ደቂቃ ዋጋ ያሳጣሉ። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ ብዙዎች ወደ መጨረሻው ይገፉታል፤ የዚያን ዓመት የታደሰ ፈቃድ የሚጠይቅ ጨረታ በጥቅምት ሲወጣ ግን ከበሩ ይመለሳሉ። በፌዴራል ደረጃ በሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት የማሸጉን ጣጣ ቢያስቀርም፣ አስቀድሞ መመዝገብን፣ የሥራ ዘርፍን በትክክል መሙላትንና ሰነዶችን በንባብ በሚለይ ጥራት ስካን አድርጎ መጫንን ይጠይቃል፤ ኢንተርኔት እንደሚቋረጥ እየታወቀ ለመጨረሻው ሰዓት የሚተው ሥራም አይደለም።

በሰነዱ ውስጥ ግልጽ ያልሆነ ነገር ሲኖር በጽሑፍ ማብራሪያ መጠየቅ የተጫራች መብት ሲሆን፣ መልሱ የጠያቂው ማንነት ሳይገለጽ ለሁሉም ተጫራቾች ይላካል። የጨርቁ ዓይነት ጋባርዲን ይሁን ቴትሮን ያልተለየበትን ዝርዝር በግምት ሞልቶ ከመግባት ይልቅ ይህን መብት መጠቀም ይሻላል፤ በሚገባ የተጻፈ ጥያቄ ድርጅቱ ሥራውን የሚያውቅ መሆኑንም ያሳያል።

ዋጋን በተመለከተ፣ ለማሸነፍ ብቻ ተብሎ ከወጪ በታች የሚጻፍ ዋጋ አነስተኛ ድርጅትን ከሽንፈት ይበልጥ ይጎዳል። ዋጋው ጥሬ ዕቃንና የሠራተኛ ደመወዝን ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣን፣ የዋስትና ወጪን፣ ናሙናን፣ የሚበላሸውን ምርትና ክፍያ እስኪመጣ ድረስ የሚቆየውን ገንዘብ መሸከም አለበት። ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትታል ወይም አያካትትም ተብሎ በግልጽ ካልተጻፈ እንደተካተተ ተቆጥሮ ስለሚወዳደር፣ ይህን የዘነጋ ተጫራች ከትርፉ 15 በመቶውን ሳይሆን ከጠቅላላ ዋጋው ላይ ትልቅ ድርሻ አጥቶ ውል ይፈርማል። የነጠላ ዋጋና የጠቅላላ ድምር ሲጋጩ በመደበኛ የጨረታ ሰነዶች የሚጸናው ነጠላ ዋጋው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ጥሬ ዕቃ ምን ያህል በፍጥነት ሊወደድ እንደሚችል ታይቷልና፣ ዋጋው ጸንቶ የሚቆይበትን ጊዜ ሳያሰሉ መጫረት አደገኛ ሆኗል። ከዚህ ሌላ፣ ለብቻው አቅሙ የማይበቃ ድርጅት ከሌላ ጋር በሽርክና መወዳደር እንደሚችል አዘውትሮ ይረሳል።

ጨረታ የሚከፈተው ተጫራቾች ወይም ወኪሎቻቸው በተገኙበት ሲሆን፣ የተጫራቹ ስምና ያቀረበው ዋጋ በጉባኤው ፊት ይነበባል። ወደ መክፈቻው ሰው የማይልክ ድርጅት በነጻ የሚታደል የገበያ መረጃ ያጣል። ማን ምን ያህል እንደጻፈ በየጊዜው የሚመዘግብ ተጫራች ከጥቂት ጨረታዎች በኋላ የተፎካካሪዎቹን አካሄድ ያውቃል። የተሸነፈም ቢሆን የተሸነፈበት ምክንያት እንዲገለጽለት የመጠየቅ፣ በደል ደርሶብኛል ካለም በሕጉ በተወሰነው አጭር ጊዜ አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። ምክንያቱን ጠይቆ የወሰደ ድርጅት ያንኑ ስሕተት በሚቀጥለው ጨረታ አይደግመውም።

ከርክክቡ በኋላ

ውል የፈረመ አቅራቢ የሚቀጥለውን ጨረታ ማሸነፍ የሚጀምረው የመጀመሪያውን ዕቃ ሲያስረክብ ነው። በመደበኛ የውል ሁኔታዎች በጊዜው ላልቀረበ ዕቃ በየቀኑ የዋጋው 0.1 በመቶ፣ በድምሩም እስከ 10 በመቶ መቀጫ ይታሰባል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ማኅበሩ 300 ልብሶችን 20 ቀን ቢያዘገይ መቀጫው 5,100 ብር ብቻ ነው፤ ትልቁ ጉዳት ግን መቀጫው አይደለም። ገዢው መሥሪያ ቤት ውሉ በጥሩ ሁኔታ ሲፈጸም የሚሰጠው የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ፣ በሚቀጥሉት ጨረታዎች የቴክኒክ ግምገማ ላይ ከማንኛውም ማስታወቂያ የሚበልጥ ክብደት አለው፤ በመዘግየቱ የተቀጣ አቅራቢ ይህን ደብዳቤ በሙሉ አፍ ሊጠይቅ አይችልም። ደብዳቤው የሥራውን ዓይነት፣ የገንዘቡን መጠን፣ ውሉ የተፈረመበትንና የተጠናቀቀበትን ቀን መግለጽ አለበት፤ «በሚገባ ሠርቷል» ብቻ የሚል ደብዳቤ ነጥብ አያሰጥም። ሥራው ትኩስ ሳለ፣ ዕቃውን የተረከቡት ሠራተኞች ወደ ሌላ ክፍል ሳይዛወሩ መጠየቁም ይመከራል።

ክፍያው የሚለቀቀው ዕቃው ተፈትሾ ንብረት ክፍል በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ካደረገው በኋላ፣ ደረሰኙና የውሉ ቅጂ ተያይዞ ለፋይናንስ ሲቀርብ ነው። እዚህ ላይ የሚፈጠረው መዘግየት ከአቅራቢው እጅ የወጣ ነው። ዕቃ አስረክቦ ሞዴል 19 ለመቀበል ሳምንታት፣ ክፍያ ለማግኘት ወራት የሚመላለስ ማኅበር፣ የአባላቱን ደመወዝ በብድር እየከፈለ ይቆያል፤ በሕግ የተሰጠውን ልዩ አስተያየትም የብድሩ ወለድ ይበላዋል። ሌላ ጊዜ ሲጫረትም የመዘግየቱን ወጪ ዋጋው ላይ ስለሚጨምር መንግሥት ራሱ በውድ ይገዛል። አነስተኛ ድርጅቶችን በእርግጥ መደገፍ የሚፈልግ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ዓመታዊ የግዥ ዕቅዱን በሐምሌ ለሕዝብ ይፋ ያድርግ፣ ለተሸናፊዎች ምክንያታቸውን ሳይጠየቅ በጽሑፍ ይስጥ፣ የተረከበውን ዕቃ በዚያው ሳምንት ገቢ አድርጎ ክፍያውን በውሉ ቀን ይልቀቅ።